ጠርዙ የተነሳው የኬክ ፎቶ

ጀሶ ስለገባበት እንጀራ፣ ሙዝ ስለተቀላቀለበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት ስለተጨመረበት በርበሬ ሲሰማ የኖረ ከተማ ምግቡን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጥርጣሬ ግን ማስረጃውን ገልብጦ ሲያነብ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በልደት፣ በምርቃትና በኒካህ ኬክ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ «ላስቲክ ነው» የሚለው ወሬ እንዲህ ያለ ነው። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ፎቶው ክሬም ላይ ባረፈ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ መነሳቱ፣ መሸብሸቡና ማበጡ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ላስቲክ ውሃ አይጠጣም፤ ውሃ የማይጠጣ ነገር ደግሞ ክሬም ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አያብጥም። ያ የተነሳ ጠርዝ የሚመሰክረው ፎቶው ውሃ ከሚጠጣ ነገር፣ ለምሳሌ ከስታርች፣ የተሠራ መሆኑን ነው።

ስለ ዕቃው ምንነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገበያ ላይ ያለው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። «ዋፈር ፔፐር» የሚባለው የድንች ስታርች፣ ውሃና ጥቂት ዘይት በሁለት የጋሉ ብረቶች መሀል ተጋግሮ የሚወጣ ነው። «አይሲንግ ሺት» ደግሞ ስኳር፣ የበቆሎ ስታርችና ግሊሰሪን ያለበት፣ ለስለስ ያለ ገጽ ነው። ጣጣ ያመጣው «የሚበላ ወረቀት» የሚለው ስም ይመስለኛል። ስስ ቂጣ ቢባል ኖሮ ግማሹ ፍርሃት ባልተነሳ ነበር። የደብተር ወረቀት ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስም ስታርችም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ናቸው፤ ዶቃው አንድ ሆኖ አሰካኩ ይለያያል። የስታርቹን አሰካክ ምራቃችን አፍ ውስጥ ሳለ መፍታት ይጀምራል። የሴሉሎሱን ግን የሰው ሆድ አይፈታውም፤ ላም እንኳ የምትፈታው በጨጓራዋ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው።

መብራራት ያለበት መሸብሸቡ ነው፤ ለዚህም ከአብሲት የተሻለ አስተማሪ የለም። የስታርች ቅንጣት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይዘቅጣል እንጂ አይለወጥም። ውሃው ሲሞቅ፣ የድንቹ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ፣ የጤፉ ደግሞ ከዚያ ከፍ ሲል፣ ቅንጣቱ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ተያይዘው ውሃውን ያወፍሩታል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ የሚበስለው አብሲት እንጀራውን እንዳይፈረካከስ የሚይዘው በዚህ ነው። ፖስተር የሚለጠፍበት የዱቄት ሙጫም ሥራው ይኸው ነው። ዋፈር ወረቀት ማለት እንግዲህ እስከ መጨረሻው የደረቀ አብሲት ነው። አንዴ በስሎ የደረቀ ስታርች ውሃ ሲያገኝ ፈጥኖ ይጠጣል። ከክሬሙ ጋር የተነካካው የታችኛው ፊት ጠጥቶ ሲለጠጥ የላይኛው ገና ደረቅ ነው፤ ከሥር የረዘመ ከላይ ያጠረ ገጽ ደግሞ ወደ ላይ ከመቆልመም ሌላ አማራጭ የለውም። ምጣድ ላይ የእንጀራ ጠርዝ ሲነሳ የምናየው የዚሁ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ጠርዙን የሚያነሳው ውሃ ማጣት ነው። ውሃው ከበዛ ወረቀቱ መቆልመሙን ትቶ ይሟሟል፤ ሥዕሉም ይፈሳል።

ታዲያ ወረቀቱ በማር ተለጥፎ ደህና ሲሆን ክሬም ላይ የሚበላሸው ለምንድን ነው? ማር ፈሳሽ ነው፣ ክሬም ግን ቆሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ዓይን የሚፈርደው ማሩ ይጎዳዋል ብሎ ነው። መልሱ ያለው በውሃው መጠን ሳይሆን ውሃው በመታሰሩ ወይም ልቅ በመሆኑ ላይ ነው። የምግብ ሳይንስ ይህን ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ ይለካል፤ በአማርኛ የረጋ ስም ስላላገኘ እዚህ «የውሃ ልቅነት» እንበለው። ንጹሕ ውሃ 1 ነው፤ ትኩስ ዳቦ 0.95 ገደማ፣ ማር ግን 0.6 ገደማ። ማሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ስኳሩ ጠፍንጎ ይዞታል። ውሃ ልቅ ከሆነበት ወደ ታሰረበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ደረቁ ወረቀት ከተመታ ክሬም ይጠጣል፣ ከማር ግን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ልኬቱ ብቻውን ሁሉን ይገልጻል ማለት አይደለም፤ ውሃው የሚጓዝበት ፍጥነት፣ የቅባቱ መጠንና የወረቀቱ ውፍረትም ለውጥ ያመጣሉ፤ በዚህ ላይ የዘርፉ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ለኬክ ሠሪ ግን የሚተርፈው ነገር ግልጽ ነው። ዋፈር ወረቀት በውሃ አይለጠፍም፤ ጀርባው በብሩሽ ስስ ሽሮፕ ወይም ማር ይቀባል። የቅቤ ክሬም ከሆነ ቅባቱ ውሃን ስለሚገፋ ወረቀቱ ያለ ሽሮፕ በደንብ አይዝም፤ አይሲንግ ሺት ግን የክሬሙ ገጽ ሳይደርቅ ከደረሰ በክሬሙ እርጥበት ይጣበቃል። የተመታ ክሬም ላይ ከሆነ ኬኩ ሊቀርብ ሲል ነው የሚለጠፈው። ብስኩት ላይ ከሆነ ብስኩቱ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩስ ብስኩት ወረቀቱን ከሥር በእንፋሎት ያርሰዋል። ሽሮፑን በቴርሞሜትር ለሚያፈላ ደግሞ፣ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣውን የአሠራር ቁጥር በ8 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ አለበት።

«ስታርች ከሆነ በአዮዲን ይፈተሽ» የሚል ይኖራል። አዮዲን ስታርችን ጥቁር ሰማያዊ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙው የቢሮ ወረቀትም ቀለም እንዳይመጥ በስታርች ስለሚቀባ እሱም ይጠቁራል። ይልቅ ቁራጩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከትቶ በጣት ማሸት ይሻላል። የሚበላው ልሞ ይሟሟል፣ ተራ ወረቀት ጭረት ይተዋል፣ ላስቲክ እንደነበረ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ኬክ ላይ የሚደረግ ነገር በሙሉ ደህና ነው ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ «የፕላስቲክ ሩዝ» ተብሎ የተያዘው ሲመረመር እውነተኛ ሩዝ ሆኖ ተገኘ፤ ችግሩ ከሚፈቀደው በላይ ባክቴሪያ መያዙ ነበር። የኬኩም ወሬ እንዲሁ ዓይናችንን ከእውነተኛው አደጋ ላይ ያነሳል። አንደኛው ቀለሙ ነው፤ የቢሮ ቀለም ሲያትም የኖረ ፕሪንተር የምግብ ቀለም ስለተሞላ ብቻ ለምግብ አይሆንም። ሁለተኛው ብልጭልጩ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ስድስት ሕፃናት የልደት ኬክ በልተው ያስመለሳቸውና ያስቀመጣቸው በዱቄቱ ውስጥ በነበረ መዳብ ነው። በማግሥቱ ዓመት በሚዙሪ ሌላ የኬክ ዱቄት ሩቡ እርሳስ ሆኖ ተገኝቷል። «መርዛማ አይደለም» የሚል ጽሑፍ «ይበላል» ማለት አይደለም። ነጩ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ የዘርፉ ሰዎች የተለያዩበት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ከምግብ አግዶታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን በ2023 መልሶ መርምሮ ገደብ አላስቀመጠበትም።

አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት መርካቶ ሌላም ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ሐላል ነው? ለጾም ይሆናል? የስታርቹ ዋፈር እንስሳ ነክ ነገር የለበትም። አንዳንድ አይሲንግ ሺት ግን ጄላቲን ሊኖርበት ይችላል፤ «ኢ 120» የተባለው ቀይ ቀለምም ከነፍሳት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ለልጅዎ ኬክ ሲያዝዙ ሠሪውን «ወረቀቱ ላስቲክ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት። ፕሪንተሩ ለምግብ ብቻ የተመደበ መሆኑን ይጠይቁት፤ የቀለሙንና የብልጭልጩን ማሸጊያም እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ይበላል የሚል ጽሑፍና የይዘት ዝርዝር የሌለው ብልጭልጭ ኬክ ላይ አይነስነስ።