ከተቆረጠ በኋላ የሚረክስ ትኬት

የአየር ትኬት ዋጋ ተጓዡ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላም ሊወርድ ይችላል። በጁባና በአዲስ አበባ መካከል በሚደረገው በረራ ይህ ዘወትር ያጋጥማል። አንድ ሰው ትኬቱን ይቆርጣል፤ በሳምንቱ ጓደኛው ለዚያው ቀን፣ ለዚያው አውሮፕላን፣ ቀነስ ባለ ዋጋ እንደቆረጠ ይሰማል። ወዲያው ወደ አእምሮው የሚመጣው ትኬት ቢሮው ጨምሮብኛል የሚል ጥርጣሬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም አላታለለውም። የተለወጠው ነገር ወንበሩ የተሸጠበት ክላስ ነው፤ የከፈለውን ትርፍ ማስመለስ መቻል አለመቻሉም ከትኬቱ ጋር አብሮ በተሸጠለት፣ ባላነበበው ደንብ ተወስኗል።

መስመሩ አጭር ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጁባን ከቦሌ ጋር ያገናኛል፤ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የግብፅ አየር መንገዶችም ጁባን ከናይሮቢ፣ ከኢንቴቤና ከካይሮ ጋር ያገናኛሉ። ጁባ ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ የውሃ ቦቴ የሚያሽከረክሩ፣ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥር ሠርግ ወደ አገር ቤት ይመላለሳሉ። ትኬቱ የሚተመነው በዶላር ነው፤ ጥቂት ዶላር የሚባል ልዩነት ደግሞ ለደመወዝተኛ ጥቂት አይደለም።

በኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወንበራቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ሆኖ የከፈሉት ግን ሊለያይ ይችላል። አየር መንገዱ ክፍሉን በእንግሊዝኛ ፊደላት በሚጠሩ ክላሶች ከፋፍሎ ይሸጣል። ዋይ በአብዛኛው ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ክላስ ነው፤ ከእሱ በታች ያሉት ፊደላት ዋጋቸው እየወረደ፣ ደንባቸው እየጠበቀ ይሄዳል። ትኬት ቆራጩ ኮምፒውተሩ ላይ ከየፊደሉ ጎን አንድ ቁጥር ያያል። ዘጠኝ ማለት ዘጠኝና ከዚያ በላይ ቦታ አለ፣ ሦስት ማለት ሦስት ብቻ ቀርቷል፣ ዜሮ ማለት ያ ክላስ ተዘግቷል ማለት ነው። ዋጋ ወረደ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሆነው ዜሮ የነበረው ቁጥር ተመልሶ አንድ ወይም ሁለት መሆኑ ነው። የየክላሱ ዋጋ ያው ነው፤ የተዘጋው በር ተከፈተ እንጂ።

በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ከሆነ ያዳላል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ነገር ግን ሥራው በስሌት ይሠራል፤ ስሌቱም ከሚገባው በላይ ችላ የተባለ ድንቅ ሐሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪታንያው ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. አየር መንገድ ይሠራ የነበረው ኬን ሊትልውድ ያቀረበው መርህ እስከ ዛሬ የዚህ ሥራ መሠረት ነው። ርካሹ ዋጋ 200 ዶላር፣ ውዱ 400 ዶላር ነው እንበል። አንድ የቀረ ወንበር ዛሬ በ200 ቢሸጥ 200 ዶላር በእጅ ገባ ማለት ነው። ቢቆይ ግን ለበረራው ሁለት ቀን ሲቀረው እናቱ ታመው የሚሮጥ ወይም ለስብሰባ የተጠራ ሰው በ400 ሊገዛው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የመምጣቱ ዕድል ከግማሽ ካነሰ ወንበሩን ዛሬውኑ በ200 መሸጥ ያዋጣል፤ ከግማሽ ከበለጠ ርካሹን ክላስ ዘግቶ መጠበቅ ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ስታላቅቅ አየር መንገዶቿ ይህን ስሌት ዋና የመወዳደሪያ መሣሪያቸው አደረጉት፤ ከዚያም ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ።

ግምቱ በየጊዜው ስለሚከለስ የተዘጋው ክላስ ይከፈታል። ቦታ ይዞ ሳይከፍል የቀረ ሰው የክፍያ ጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ቦታው በራሱ ይሰረዛል፤ ወንበሩም ወደ ሽያጭ ይመለሳል። ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች የተያዘ የቡድን ቦታ ይለቀቃል። ተለቅ ያለ አውሮፕላን ይመደባል። ሽያጩ ከተጠበቀው በታች ይሆናል፤ ወይም በናይሮቢና በኢንቴቤ በኩል የሚያልፈው ተፎካካሪ ዋጋ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ቦሌን የመሰለ ማገናኛ ጣቢያ ያለው አየር መንገድ ከጁባ አዲስ አበባ ያለችውን ወንበር አዲስ አበባ ላይ ለሚወርድ መንገደኛ ብቻ አያስባትም። ያችኑ ወንበር ይዞ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥል ሰው ሊመጣ ይችላል። አውሮፕላኑ ባዶ ቦታ እያለው ርካሹ ክላስ ተዘጋ የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሚቀጥለው መንገደኛ ካልመጣ ደግሞ ክላሱ ሳይጠበቅ ይከፈታል።

ከዚህ አሠራር የሚወለድ፣ በየበዓሉ ቤተሰብን አላግባብ የሚያስከፍል ስህተት አለ። አባት፣ እናትና ሁለት ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች ለፋሲካ ሊሄዱ ነው እንበል። ርካሹ ክላስ ላይ የቀረው ሦስት ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ አራት ወንበር በአንድ ላይ ሲጠየቅ አራቱንም የሚያስተናግድ አንድ ክላስ ይፈልጋል። ርካሹ ለአራት ስለማይበቃ አራቱንም ወደሚቀጥለው ውድ ክላስ ያወጣቸዋል። ሦስቱ በርካሹ፣ አንዱ በውዱ መሄድ ሲችሉ አራቱም በውዱ ይከፍላሉ። ማታ ከመካከላቸው አንዱ በስልኩ ለአንድ ሰው ብቻ ፈልጎ ዝቅ ያለውን ዋጋ ያያል፤ «ዋጋው ወረደ!» ይላል። አልወረደም፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሦስቱን በአንድ ቡኪንግ፣ አንዱን በሌላ መቁረጥና ሁለቱ ቡኪንጎች አብረው የሚጓዙ ሰዎች መሆናቸውን እርስ በርስ ማስመዝገብ። ጥሩ ትኬት ቆራጭ ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል። «ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ፣ ቶሎ ቁረጥልኝ» እያለ ቆሞ የሚያጣድፍ ደንበኛ ግን ያን ጥሩነት ራሱ ይከለክላል።

ሌላው የማወዳደር ስህተት አቅጣጫን መርሳት ነው። ከጁባ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚሸጥበት ዋጋና ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጁባ ደርሶ መልስ የሚሸጥበት ዋጋ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚተመነው ጉዞው በሚጀመርበት ገበያ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህት «እኔ በዚህ ያህል መጣሁ» ስትል ወንድሟ ተበልቻለሁ ይላል፤ የሚያነጻጽረው ግን የሌላ ገበያ ዋጋ ነው። በብር የተገለጸ ዋጋ ሲሆን ደግሞ ምንዛሬው ይገባበታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር ምንም ያልተለወጠ ትኬት በብር ሲሰላ ብዙ ጨምሮ ታይቷል። ዋጋ ጨመረ ወይም ቀነሰ ከማለት በፊት ሁለቱንም በዶላር፣ ለአንድ ዓይነት ጉዞ፣ ለአንድ ቀን ማስተያየት ያስፈልጋል።

እውነተኛ ቅናሽ ሲኖር አየር መንገዶች በራሳቸው ተነሳሽነት ልዩነቱን አይመልሱም። በዚህ በኩል የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ይሻላሉ። መርከብ ላይ ቦታ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ቀብድ ብቻ ይከፍላል፤ ቀሪውን የሚያጠናቅቀው ብዙ ጊዜ መርከቧ ከመነሳቷ ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ዋጋ ከወረደ፣ በተለይ ቀብዱ ተመላሽ ከሆነ፣ ተሳፋሪው ጠይቆ በአዲሱ ዋጋ ማስተካከል የሚችልበት አሠራር በአሜሪካ ገበያ የተለመደ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን የሚያገኘው፣ ካገኘ፣ መርከቧ ላይ ለሚወጣ ወጪ የሚውል ሒሳብ ወይም የተሻለ ክፍል ነው፤ እሱም በኩባንያው በጎ ፈቃድ። በአውሮፕላን ይህ ክፍተት የለም። ትኬት የሚባለው ሙሉ ዋጋው ተከፍሎ ሲቆረጥ ስለሆነ የማስተካከያው ዘመን ገና ሳይጀመር ያበቃል።

ሙሉ በሙሉ ግን አያበቃም። የመጀመሪያውና ምርጡ ዕድል ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን ነው። ወኪሎች የቆረጡትን ትኬት በዚያው ቀን ቮይድ ማድረግ ይችላሉ፤ ሽያጩ እንዳልነበረ ይሆናል፣ ቅጣት የለውም። ቀኑ የሚያበቃው ግን በኮምፒውተሩ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ከዚያ በፊት ይዘጋል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች ጁባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ተለውጧል፤ ኮምፒውተሩ በአዲስ አበባ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ትኬቱን ጠዋት ቆርጦ ከሰዓት በኋላ ዋጋውን እንደገና ማየት፣ ማታ ቆርጦ ሌሊቱን ከመቁጨት የተሻለ ልማድ ነው። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ ጉዞ ደግሞ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የአገሪቱ ደንብ አለ። ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረውና ትኬቱ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከተገዛ፣ አየር መንገዱ ወይ ቦታውን ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት ይዞ ማቆየት፣ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝን መፍቀድ አለበት።

ቀኑ ካለፈ ጉዳዩ ወደ ዋጋው ደንብ ይዞራል። እያንዳንዱ ዋጋ በምድብ በምድብ የተከፋፈለ ጽሑፍ አለው፤ ምድብ 16 ስለ ቅጣት የሚናገረው ነው። ትኬት ቢሮ ውስጥ ከሚታተም ወረቀት ሁሉ እጅግ ጠቃሚው እሱ ሆኖ ሳለ ጠይቆ የሚያነበው አይገኝም። ምሳሌ ይወሰድ። ትኬቱ 420 ዶላር ነው፤ 300ው የበረራው ዋጋ፣ 120ው ግብርና ተጨማሪ ክፍያ። አሁን የበረራው ዋጋ 220 ሆኗል፤ የቅያሪ ቅጣቱ 50 ዶላር ነው። ደንቡ ልዩነቱ ይመለሳል ካለ 80 ተመልሶ 50 ይቆረጣል፤ 30 ዶላር ይተርፋል፤ ቢሮው የአገልግሎት ክፍያ ከጠየቀ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ደንቡ ልዩነቱ አይመለስም ካለ ግን ሪኢሹ ማድረግ፣ ማለትም ትኬቱን በአዲሱ ዋጋ እንደገና ማስቆረጥ፣ 50 ዶላር መክሰር ብቻ ነው። ልዩነቱ ለወደፊት ጉዞ በሚያገለግል ሰነድ ይሰጣል የሚልም ደንብ አለ፤ ይህ የሚጠቅመው በቅርቡ እንደገና ለሚበር ሰው ነው። ርካሹ ክላስ የረከሰው እንዲህ ያለውን መብት አስቀድሞ ስለሸጠ ነው። የጉዞው ቀን ሊቀያየር የሚችል ነጋዴ ከርካሹ ይልቅ መካከለኛውን ክላስ ቢገዛ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አንድም በረራ ሳይደረግ ነው። ያልተነካ ትኬት ሲቀየር በአብዛኛው በዕለቱ ባለው ዋጋ እንደገና ሊሰላ ይችላል። መሄጃው ከተበረረበት በኋላ መመለሻው ሲቀየር ግን ስሌቱ በአብዛኛው የሚሠራው ትኬቱ መጀመሪያ በተቆረጠበት ቀን በነበረው የዋጋ መዝገብ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ደርሶ ለበዓል የተቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ በወጣ ቅናሽ መመለሻውን አስተካክሉልኝ ቢል አይሆንለትም። ቢሮው አልረዳኝም ብሎ ይቀየማል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ኮምፒውተሩን አሮጌውን ዋጋ እንዲያሰላ ከማዘዝ ሌላ ምርጫ የለውም።

ከሁሉ የከፋው የብልጣ ብልጥነት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የሚጀምረው ደርሶ መልስ ረከሰ ብሎ ጁባ የተቀመጠ ሰው እሱን ይቆርጥና የመጀመሪያውን በረራ ትቶ በመመለሻው ለመሄድ ያስባል። የትኬት ኩፖኖች በቅደም ተከተል መበረር አለባቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ያልቀረበ መንገደኛ ኖ ሾው ይባላል፤ የቀረውም ጉዞ ይሰረዛል። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ስሙ የለም። ዋጋው ወርዶ አሮጌውን ትቶ አዲስ ትኬት የቆረጠ ሰውም አሮጌውን በዝምታ መተው የለበትም። ከበረራው በፊት ካሰረዘው የኖ ሾው ቅጣት አይደርስበትም። የበረራው ዋጋ ተመላሽ ባይሆን እንኳ ያልተበረረበት የአውሮፕላን ማረፊያና የመንግሥት ግብር አብዛኛውን ጊዜ ተመላሽ ነው፤ ትኬቱ እንደ ደንቡ በአብዛኛው ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይጸናል። ያ ግብር ግን ትኬቱ በተቆረጠበት ቢሮ በኩል ካልተጠየቀ በራሱ ተመልሶ አይመጣም።