ለመመንኮስ በር ማንኳኳት ብቻውን አይበቃም፦ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ገዳማት የአመክሮ ሥርዓት

የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ደንብ በሚከተሉ የካቶሊክ ገዳማት ለመመንኮስ የሚሻ ሰው በቀላሉ ተቀባይነት አያገኝም። የጣሊያኑን የሞንቴ ካሲኖ ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው ደንብ 73 ምዕራፎች አሉት። በምዕራፍ 58 እንደተደነገገው፣ አመልካቹ አራት ወይም አምስት ቀን በር ላይ ጸንቶ የሚደርስበትን እንግልት ከታገሠ ወደ እንግዳ ማረፊያ፣ ቀጥሎም ወደ ጀማሪዎች ቤት ይገባል።

በዚያ የበሰለ አባት ይመደብለታል። አባቱ የሚመረምረው ሰውየው በእውነት እግዚአብሔርን ይፈልግ እንደሆነ፣ ለጸሎት እንደሚተጋና መታዘዝን እንደሚችል ነው። ደንቡም በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነበብለታል፤ መጀመሪያ ከ2 ወር፣ ቀጥሎ ከ6 ወር፣ በመጨረሻም ከ4 ወር በኋላ። መሄድ ከፈለገ የሚያግደው የለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። መነኩሴው ለመታዘዝና አኗኗሩን ለመለወጥ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ገዳም ጸንቶ ለመኖርም ቃል ይገባል። እንደ ሌሎች ማኅበራት አባላት ከቦታ ቦታ አይዘዋወርም፤ በአብዛኛው የሚቀበረውም እዚያው ነው። ችግኝ ወደ ማሳ ከመዛወሩ በፊት ጥላው ቀስ በቀስ እየተነሣ፣ ውኃውም እየተቀነሰ ይለማመዳል፤ የአመክሮው ጊዜም ይህንኑ ይመስላል። ችግኝ ግን ሐሳቡን ቀይሮ መሄድ አይችልም።

ሥልጠናው በትምህርት ብቻ አይወሰንም። ደንቡ 150ው መዝሙረ ዳዊት በየሳምንቱ እንዲደገም፣ ቀኑም ለጸሎት፣ ለንባብና ለእጅ ሥራ እንዲከፈል ያዝዛል። ድህነት አስገድዷቸው አዝመራውን በእጃቸው ቢሰበስቡ እንዳያዝኑ መነኮሳቱን ይመክራል። የገዳሙ መጋቢ ማናቸውንም ዕቃ እንደ ንዋያተ ቅድሳት እንዲይዝ፣ አበምኔቱም የመሣሪያዎችን ዝርዝር እንዲጽፍ ታዟል። ከዶማ እስከ ማጭድ ማን ምን እንደወሰደና እንደመለሰ ይታወቃል ማለት ነው።

በዛሬው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ አመክሮው ቢያንስ 12 ወር ይቆያል። ከዚያ የሚሰጠው ቃል ኪዳን ጊዜያዊ ሲሆን፣ የዕድሜ ልኩ የሚፈጸመው ቢያንስ ሦስት ዓመት አልፎ ነው።

በጥንቱ ደንብ መሠረት ጀማሪው ያለውን ሀብት ለድሆች ወይም ለገዳሙ ይሰጣል፤ ቃል ኪዳኑን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በገዛ እጁ በመንበሩ ላይ ያኖራል። ያወለቀው ልብስ ግን አይጣልም። አንድ ቀን ገዳሙን ጥሎ ለመውጣት ቢወስን፣ የገዳሙን ልብስ አስረክቦ የራሱን ለብሶ ይሄዳል፤ የጻፈው ቃል ኪዳን ግን አይመለስለትም፣ በገዳሙ ይቀመጣል።