ኮሪያኛ ለመማር ሴኡል? የትምህርት ክፍያው የወጪው ሲሶ ነው

የኮሪያ ድራማና ሙዚቃ በየቤታችን ከገባ ወዲህ ልጆቻችን ኮሪያኛውን ከአማርኛው አስበልጠው ሲያነበንቡት እየሰማን ነው። አንዳንዶቹም «ሴኡል ሄደን አንድ ዓመት እንማር» ማለት ጀምረዋል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ወላጅ እሺ ወይም አይሆንም ከማለቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይኖርበታል። ልጆቹ አምጥተው የሚያሳዩት ቁጥር ብዙውን ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ቢሆን ነው።

አሠራሩን እንመልከት። እንደ ዮንሴይ፣ ሶጋንግና ኢህዋ ያሉ የሴኡል ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ሰዎች የቋንቋ ተቋም አላቸው፤ የዮንሴዩ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ አንጋፋ ነው። መደበኛው ትምህርት በ6 ደረጃ የተከፈለ ሲሆን አንዱ ደረጃ 10 ሳምንት ወይም 200 ሰዓት ይፈጃል። በዓመት 4 ተርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ተርም የሚጠየቀው 1.8 ሚሊዮን ዎን ገደማ ነበር። አንድ ዶላር በ1,400 ዎን ቢታሰብ የዓመቱ ክፍያ ወደ 5,100 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። «ይኼማ ቀላል ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ኑሮው ግን ይከተላል። ተማሪ በብዛት የሚከራየው ጎሺወን የሚባለውን ክፍል ነው፤ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ የሚይዝ፣ ወጥ ቤቱ የጋራ የሆነ ጠባብ ክፍል ሲሆን በወር ከ400 እስከ 500 ሺህ ዎን ያስከፍላል። ሰፋ ያለ ክፍል የፈለገ ሰው ከወር ኪራዩ ሌላ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዎን ማስያዣ ይጠየቃል። ማስያዣው ሲወጡ የሚመለስ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ የታሰረ ገንዘብ ነው። ምግብ በቁጠባ 450 ሺህ፣ ስልክ 40 ሺህ እንበል፤ የሴኡል ባቡርና አውቶቡስ የ30 ቀን ካርድ 62 ሺህ ነው። የጤና መድን ደግሞ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ተማሪዎች ግዴታ ሆኗል፤ የቋንቋ ተማሪ ከገባ ከ6 ወር በኋላ በየወሩ ከ70 ሺህ ዎን በላይ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ሲደመር በወር 1.1 ሚሊዮን፣ በዓመት 13 ሚሊዮን ዎን ያልፋል፤ 9,400 ዶላር ማለት ነው። የአውሮፕላን ቲኬት፣ መጽሐፍ፣ ማመልከቻና የክረምት ካፖርት (የሴኡል ጥር እንደ ቺካጎ ነው) 2,000 ዶላር ቢያዝለት ሒሳቡ 16,500 ዶላር ገደማ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ዲ-4 የሚባለውን የቋንቋ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት ባንክ ውስጥ ገንዘብ እንዳለ ማሳየት ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደንብ መጠኑን 10 ሚሊዮን ዎን፣ ከሴኡል አካባቢ ውጭ ላሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 8 ሚሊዮን አድርጎታል። በእኛ ሰው ዘንድ ልማዱ ይታወቃል፤ ከአጎት፣ ከእቁብ፣ ከጓደኛ ተለቃቅሞ ባንክ ይገባና ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ቪዛው ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ገንዘቡ የተጠየቀው ልጁ በሦስተኛው ወር የሚበላው እንዲኖረው ነው። «እዚያ ሠርቶ ይሞላዋል» የሚለውም ተስፋ አያዋጣም። የቋንቋ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት መሥራት አይፈቀድለትም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን የትምህርት ቤቱንና የኢሚግሬሽኑን ፈቃድ፣ የቋንቋ ችሎታ ማስረጃም ያስፈልገዋል፤ ሰዓቱም የተወሰነ ነው። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ቅጣትና ከአገር መባረር ይጠብቀዋል።

ግሪን ካርድ የያዛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከአሜሪካ ውጭ ከ6 ወር በላይ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ሰው ሪኤንትሪ ፐርሚት ካልያዘ ካርዱን ለማጣት ይጋለጣል። ማመልከቻው የሚገባው ከመሄድ በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነው። የፌዴራል የትምህርት እርዳታም ዲግሪ ለማይሰጥ የቋንቋ ተቋም አይከፍልም። ልጃችሁ ኮሌጅ ከገባች ግን በኮሌጇ በኩል፣ ክሬዲቱ እንደሚያዝላት ተረጋግጦ ብትሄድ እርዳታዋን ይዛ መሄድ ትችላለች።

ወጪውን ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች እዚሁ ጨርሶ መሄድ ነው። ሴኡል ላይ ሁለት ደረጃ ማለት 3.6 ሚሊዮን ለትምህርት፣ የ5 ወር ኑሮ ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ዎን፣ በድምሩ 6,500 ዶላር ነው። የኮሪያ ፊደል መሠረቱ 24 ነው፤ 231 ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው በአንድ ሳምንት ይለየዋል። (ልጆቻችን ፊደል መቁጠራቸው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።) ይህን ለመማር ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። የኮሪያ መንግሥት ያቋቋመው የንጉሥ ሴጆንግ ኢንስቲትዩት በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል፤ ዋሽንግተን ዲሲና ሎስ አንጀለስ ባሉት የኮሪያ ባህል ማዕከላትም ክፍል አለው።

ሙሉ ዓመቱ ለሚከብደው ሌላም መንገድ አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ 90 ቀን መቆየት ይችላል፤ አንድ ተርም 70 ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ሁኔታ ይመዘግብ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። ከሴኡል ወጣ ማለትም ይረዳል፤ በክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውም ኪራዩም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ቹንቾን ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ የካንግዎንና የሃሊም ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት እዚያ ነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው፣ የቆመውም በዚያችው ከተማ ነው። አጠገቡ ያለው «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ካፌ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቡናችንን ያፈላል። የዘማች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆናችሁ፣ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን ማስረጃ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ኮሪያ ውስጥ ለዘማች ቤተሰቦች የሚሰጥ የትምህርት እርዳታ አለና ለምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን አቅርቡ።

ዲግሪም ለሚያስብ ወጣት የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቲኬቱን፣ የአንድ ዓመት ቋንቋውን፣ የዲግሪውን ክፍያና የወር ኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። ቋንቋ ብቻ ተምሮ መመለስ አይቻልም፤ በዓመቱ መጨረሻም በኮሪያኛ ፈተና 3ኛ ደረጃ መድረስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ በኢትዮጵያ ኮታ፣ የአሜሪካ የያዘ በአሜሪካ ይወዳደራል። ምዝገባው ለመጀመሪያ ዲግሪ በመስከረም፣ ለሁለተኛ ዲግሪ በየካቲት ገደማ ይከፈታል።