ከቤት ውጭ በሚነሣ ፎቶግራፍ ርቀትን ስለ ማሳየት

በሰንበት ቀን ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልመው ሲወጡ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ፎቶግራፍ ለማንሣት አስበው ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት አንድ ነው፤ ይኸውም የሚነሡትን ሰዎች ከግድግዳ ወይም ከአጥር ጋራ አስጠግቶ ማቆም ነው። ሥዕሉ ሲታይ ሰዎቹ በግድግዳ ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች ይመስላሉ።

ፎቶግራፍ በከተማችን የቆየ ሙያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት አገልግለዋል። በስቱዲዮ የሚሠራ ባለሙያ መጋረጃውንና መብራቱን እንደ ፈቀደ ያዘጋጃል፤ በአደባባይ የሚያነሣ ሰው ግን ቦታንና ሰዓትን መምረጥ ይኖርበታል።

አንደኛው ዘዴ ቦታ ነው። የሚነሣውን ሰው ከግድግዳው አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ፊት ያርቁት። ከማዘጋጃ ቤቱ በታች በቸርችል ጎዳና የእግረኛ መንገድ ላይ ቢያቆሙት፣ ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳና ከበስተ ኋላው እየጠበበ ይሄዳል፤ የተመልካቹም ዐይን አብሮት ቁልቁል ይጓዛል። በሥዕሉ ጠርዝ ከቅርብ ያለ የዛፍ ቅጠል ቢገባ ደግሞ ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ይገኛሉ። በ1923 ዓ.ም. በተመረቀው በዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፊት ሲያነሡ ግን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ፤ አለዚያ ፈረሱ ከሰውየው ራስ ላይ የበቀለ ይመስላል።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የራቀች ስለ ሆነች፣ የቀትር ፀሐይ ከዐናት በላይ ሆና ዐይንን በጥላ ትሸፍናለች። ስለዚህ ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያንሡ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የፊቱ አንድ ወገን ይበራል፤ ሌላው በመጠኑ ይጠቁራል፤ አፍንጫና ጉንጭም ጎልተው ይወጣሉ። ነጭ ነጠላ የለበሰችውን ጥላ ባረፈበት ዛፍ ፊት፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ብርሃን ባለበት ስፍራ ፊት ያቁሙ።

ሦስተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ማለት ቁጥሩ ወደ 2.8 ሲወርድ፣ ከሰውየው በስተ ኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ወደ 11 ሲጠብ ሩቁም ጥርት ብሎ ይታያል። በእጅ ስልክ ሲያነሡም የጀርባ ማደብዘዣውን መቀነስ ይቻላል።

ዛሬ ብዙ ሰው ጥልቀት ማለት ማደብዘዝ ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በእነዚያ ሰፈሮች ያደገ ሰው የአባቱን ደጃፍ ለማየት ቢሻ የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው። አባቱ ከግድግዳ ተለጥፎ፣ ወይም በስተ ኋላው ሁሉ ደብዝዞ ከሆነ ግን የአባቱን መልክ ያገኛል እንጂ መንገዱንም ጎረቤቱንም አያገኝም።

ስለዚህ አንዱን ሥዕል አደብዝዘው ቢያነሡ፣ ሁለተኛውን ቀዳዳውን አጥብበው ያንሡ። ታትሞ ሲወጣም የቦታውን ስምና ቀኑን ከጀርባው መጻፍ አይርሱ፤ ልጅዎ አንድ ቀን የት ቆሞ እንደ ነበረ ይጠይቃልና።