ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች የማግኒዝየምን ቅይጥ በሙቀት ውስጥ እንዴት እንደሚያጸኑት

ማግኒዝየም ለማሽን አካላት መሥሪያ ከሚያገለግሉት ብረታ ብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር አሉሚንየም 2.70 ግራም ሲመዝን ማግኒዝየም 1.74 ግራም ብቻ ይመዝናል። ይሁን እንጂ ከአሉሚንየምና ከዚንክ ጋር የተዋሐደው የተለመደው ቅይጥ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሞቆ ጭነት ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል። የሄሊኮፕተር የካምቢዮ ቤት እንዲህ ቢለጠጥ ቡሎኖቹ ይላላሉ፤ ዘይቱም ይፈሳል፤ የተሳፋሪው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ይህን ባሕርይ መምህራን በቀላሉ ሊያሳዩት ይችላሉ። ከጠረጴዛ ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሻማ፣ ምንም ሳይጫንበት፣ ከሰዓታት በኋላ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ብረትም ከጥቃቅን የክሪስታል ፍሬዎች የተገነባ በመሆኑ፣ ሙቀት ሲበረታ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። በተለመደው ቅይጥ ውስጥ ፍሬዎቹን የሚያያይዘው የማግኒዝየምና የአሉሚንየም ውሕድ በሙቀት ስለሚለሰልስ መንሸራተቱን ሊገታ አይችልም።

መፍትሔው የተገኘው ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች መካከል ነው። ከመቶ 4 እጅ ኢትሪየም፣ ከመቶ 3 እጅ ያህል ደግሞ ኒዮዲሚየምና መሰሎቹ ሲጨመሩ፣ ሙቀትን የሚቋቋሙ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ቅይጡ በከፍተኛ ሙቀት ከቆየ በኋላ በፍጥነት ቀዝቅዞ እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ፣ ውሕዶቹ በፍሬዎቹ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ሆነው ይበተናሉ፤ እንደ ሽብልቅም ሆነው የአቶሞችን መንሸራተት ያግዳሉ። ከዚህ የተነሣ ቅይጡ እስከ 250 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ጠብቆ ያገለግላል።

ሆኖም ብዙ መጨመር ብዙ ማጠንከር አይደለም። ጠጣር ማግኒዝየም ሊያሟሟው የሚችለው ሴሪየም ከመቶ 1 እጅ ያነሰ ነው፤ ትርፉ በፍሬዎቹ ዳርቻ ተከማችቶ ቅይጡን ተሰባሪ ያደርገዋል። «ብርቅዬ» የሚለው ስምም ሊያሳስት አይገባም፤ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ የመዳብን ያህል ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር በባሕርይ የሚመሳሰሉትን እነዚህን ንጥረ ነገሮች አንዱን ከሌላው መለየት ሲሆን፣ ዋጋቸው የሚንረውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ብረት ሲመርጡ በቀዝቃዛ ክፍል የተለካውን ጥንካሬ ብቻ መመልከት አይበቃቸውም፤ ብረቱ በሚሠራበት ሙቀት፣ ለሚሠራበት ያህል ጊዜ መጽናቱ መመርመር ይኖርበታል።