ኸምር ኮምጣጤ ሲሆን ምን ይለወጣል?



በትምህርት ቤት «ፊዚካላዊና ኬሚካላዊ ለውጥ» ብለን የተማርነው ነገር መድረሳ ከቀራነው ፊቅህ ጋር ይገናኛል።

ውሃ ሲቀዘቅዝ በረዶ፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ሞለኪውሉ ግን ያው ነው። ይህ ፊዚካላዊ ለውጥ ነው። ኸምርም ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ አልኮሉ አልኮል ነው፤ ብይኑም አይለወጥም።

ኮምጣጤ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ተጠቅመው ኤታኖሉን ወደ አሴቲክ አሲድና ውሃ ይቀይሩታል። አዲስ ንጥረ ነገር ስለተፈጠረ ለውጡ ኬሚካላዊ ነው። ዑለማዎች የአንድ ነገር ምንነት ሲለወጥ «ኢስቲሓላ» ይሉታል። ኸምር በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ከሆነ ሐላል መሆኑ ላይ ተስማምተዋል። ሰው ባዕድ ነገር ጨምሮ ካኮመጠጠው ግን ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ፣ ሻፊዒዮች አይፈቅዱም።

ታዲያ ኬሚካላዊ ለውጥ ሁሉ ሐላል ያደርጋል ማለት አይደለም። ሐላሉ የወይን ጭማቂ ኸምር የሚሆነውም እርሾ ስኳሩን ወደ ኤታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው ነው፤ ይህም ኬሚካላዊ ለውጥ ነው!

ስለዚህ ስለ ጄላቲንም ሆነ ስለ ሌላ ምግብ ጥያቄ ሲነሳ፣ ኬሚስትሪ ምን እንደተለወጠ ይነግረናል፤ ብይኑን ግን ዑለማዎችን እንጠይቅ። ወላሁ አዕለም።