ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት፦ ኤች አይ ቪ ከደሴ እስከ ዓለም

ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1976 ዓ.ም. ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ላይ በተደረገ ምርመራ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡት ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ነበር። ቫይረሱ የተጓዘው በዋና ዋናዎቹ የመኪና መንገዶች ነው። በ1980 ዓ.ም. በ23 ከተሞች በተካሄደ ጥናት ከተመረመሩት በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች 17 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል፤ በዚያው ዘመን ከተመረመሩት የረጅም ርቀት ከባድ መኪና አሽከርካሪዎችም ውስጥ 13 በመቶ ያህሉ ተይዘው ነበር። የአገሪቱ ዋና ወደብ ያኔ አሰብ ነበር። ወደዚያ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ሚሌ ይወርዳል። ደሴ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚወጣው ነጋዴም፣ ወታደርም፣ መንገደኛም የሚያድርባት ከተማ ናት። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ወደየቤቱ ሲመለስ ቫይረሱ ከመንገድ ዳር ከተሞች አልፎ ወደ ገጠሩ የሚገባበት ሌላ በር ተከፈተ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መመርመር ማለት ለብዙው ሰው የሞት ፍርድ መስማት ነበር። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ ሟቹን የሚቀብረው ቅሬ (ዕድር) እንኳ ምክንያቱን በሳንባ ነቀርሳ ወይም በ«ቆየ ሕመም» ሸፍኖ ያልፍ ነበር። ይህን ዝምታ ቀድመው የሰበሩት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እንደ መቅድም እና በ1990 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት አባላት በአደባባይ ቆመው «እኔ አለብኝ» ማለታቸው ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ያን ጊዜ በእጃቸው መድኃኒት አልነበረም፤ ከፊታቸው የሚጠብቃቸው የጎረቤት ፊት መጥቆር፣ ከኪራይ ቤት መውጣትና ከሥራ መባረር ነበር። ይህ ውለታቸው በበቂ ተነግሯል ማለት አይቻልም።

መድኃኒቱ ለምን ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድ ለመረዳት ቫይረሱ የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው የሰውነትን መከላከያ የሚያስተባብሩትን ሲ ዲ ፎር የተባሉ የነጭ ደም ሴሎች ነው። ወደ ሴሉ ከገባ በኋላ የራሱን የዘር መልእክት ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጥና ከሴሉ ዲ ኤን ኤ ጋር ያዋህደዋል። ከዚያ ወዲያ ሴሉ ቫይረስ አምራች ይሆናል። ጥቂት ሴሎች ግን ቫይረሱን እንደያዙ ለዓመታት ተኝተው ይቆያሉ። መድኃኒት የሚደርሰው ሲባዛ ባገኘው ቫይረስ ላይ ስለሆነ የተኙትን አያገኛቸውም። አንድ ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም የተኙት ይነቁና በአብዛኛው በሁለት እና በአራት ሳምንት መካከል ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደገና ይታያል። ኤች አይ ቪ እስከ ዛሬ በክኒን የማይድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ኤ ዜድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፤ ብቻውን ግን ብዙም አልገፋም። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሐኪሞች ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ መስጠት ሲጀምሩ ነው። ዋጋው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበር ለአፍሪካ ያው የለም እንደማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ ተመሳሳዩን ሕክምና በቀን ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ሲያቀርብ ውድ ነው የሚለው ሰበብ ወደቀ። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነፃ መስጠት ጀመረች። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት የኤድስ መርሐ ግብርና ከግሎባል ፈንድ ነው። በቃሬዛ ገብተው በእግራቸው የወጡ ሕሙማን በየከተማው ታዩ፤ ሕዝቡን ያሳመነውም ይኸው በዓይን የሚታይ ለውጥ ነው።

እምነትና ሕክምና የተጋጩበት ጊዜም ነበር። ፀበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው ተብለው አቋርጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና መድኃኒት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ፤ የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈበት ቃል ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት በሚኖሩበት በወሎ ከኒካሕም ሆነ ከተክሊል በፊት ተጋቢዎች ተመርምረው እንዲመጡ መጠየቅ የተለመደ ሆኗል።

ዛሬ በኢትዮጵያ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የተዋሃዱበት ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከቀድሞዎቹ ያነሰ ነው፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይለምደውም። በአግባቡ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ይወርድለታል። እዚህ ደረጃ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው፤ አገር ውስጥ ግን ገና ብዙ ሰው አልሰማውም፤ መስማት ነበረበት።

በተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም 40.8 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ ነበር፤ 31.6 ሚሊዮኑ መድኃኒት ላይ ናቸው። በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ተይዘዋል፣ 630 ሺህ ያህል ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሟቾች ቁጥር 2.1 ሚሊዮን ነበር። በኢትዮጵያ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 0.9 በመቶው ተይዘው ሲገኙ፣ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር። አገራዊው አኃዝ ትንሽ መስሎ ከተሞችን እንደሚሸፍን ልብ ማለት ይገባል። የጭነት መኪና የሚያድርባት፣ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩባት ኮምቦልቻ በከተማው አኃዝ እንጂ በአገራዊው ልትመዘን አትችልም።

የሕክምናው ትልቁ ድካም የት እንዳለ ደሴ በራሷ አይታዋለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ የፌዴራል መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎና መሣሪያው ተሰባብሮ ተገኘ። ነዋሪው ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ሲሸሽ መድኃኒት ላይ የነበረው ሰውም አብሮ ሸሸ፤ የሕክምና ካርዱ ግን የቀረው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ከተማዋ ተይዛ የቆየችው ከአንድ ወር በላይ፣ ቫይረሱ ተመልሶ ለመባዛት የሚበቃው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሕሙማን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት መጀመሯ በዓላማው የወረፋ ማቃለያ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ግን ክኒኑን በሻንጣው ይዞ ለወጣ ሰው ከማንኛውም ዝግጅት በላይ ዋስትና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ሁሉ ይህ አሠራር ሊሰፋ ይገባዋል።

ሁለተኛው ስጋት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ የሚከፈላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች በኢትዮጵያ ከሥራ ወጡ። ክኒኑ መጋዘን ውስጥ ቢኖር እንኳ የቀረን ሕመምተኛ ስልክ ደውሎ የሚፈልግ ሰው ከሌለ ሕክምናው ይላላል።

ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን በተመለከተ ያለ ሕክምና ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 ሊያዙ ይችላሉ፤ እናት በእርግዝና እና በማጥባት ጊዜ መድኃኒቷን ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ግን 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። መከላከያን በተመለከተ ሌናካፓቪር የተባለ በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ ጥናት በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከወሰዱት ከ2 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች አንዲቷም አልተያዘችም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለመከላከያነት እንዲውል መክሯል።

በኢትዮጵያ ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። በጦርነት፣ በመፈናቀል ወይም በሌላ ምክንያት ያቋረጠ ሰው የቀድሞ ካርዱ ባይኖርም ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄዶ ያቋረጠበትን ጊዜ በግልጽ ተናግሮ እንደገና ይጀምር።